ያላገባ ስለመሆኑ

ቅቤው የመጣው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር።

ወይዘሮ ወለቴ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የማሚቱን አጥር አልፈው ሲገቡ፣ ማሚቱ የአዲስ እንስራ አፍ በእርጥብ ቁራጭ ቆዳ እያለሰለሰች ነበር። እጇ እንዳለ ቀረ። ሁለቱ ቤተሰቦች ከጨንቻ ወደ ሲቀላ ከወረዱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የሸማኔው የዳልጮ ሚስት የሸክላ ሠሪዋን አጥር ተሻግረው አያውቁም። እንስራ ሲያስፈልጋቸው ከውጭ ቆመው ይጣራሉ። ማሚቱ ዕቃውን መሬት ላይ ታስቀምጣለች፤ እሳቸው ከመሬት ያነሳሉ። ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል የለም። ክፋት አልነበረም፤ እናት አባታቸውም የኖሩት እንዲሁ ነው። አብዮቱ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ካለ ወዲህ የሸክላ ሠሪን የስድብ ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ጠፍቷል። ከሸክላ ሠሪ እጅ ውኃ ተቀብሎ የሚጠጣ ግን አልመጣም።

«ልጅሽ አለች?» አሉ ወይዘሮ ወለቴ።

ፀዳለ ድምፃቸውን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። የዘካሪያስ እናት ናቸው። ዘካሪያስን ከወደደችው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት እኚህ ሴት መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ ዓይናቸውን ግን አንድም ቀን ፊቷ ላይ አሳርፈው አያውቁም። ዛሬ አተኩረው አዩዋት።

«ተቀመጪ» አሏት በጋሞኛ። «ሻሽሽን አውልቂ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቅጠሉ ሲፈታ ሰማች። ከዚያ የሁለት እጅ ሙቀት አናቷ ላይ አረፈ። ወይዘሮ ወለቴ ቅቤውን ከመሐል አናቷ ጀምረው ወደ ጆሮዎቿ፣ ከዚያም ወደ ማጅራቷ በጣታቸው አወረዱት፤ የገዛ ልጃቸውን ፀጉር እንደሚያሹ፣ ሳይቸኩሉ። የወንዱ እናት ይህን ካደረገች ልጅቱ ታጭታለች። ሰፈሩ በጠረኑ ያውቀዋል፤ ነጋሪ አያስፈልገውም።

ማሚቱ ጭቃ በነካው እጇ አፏን ያዘች። ፀዳለ ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስባዋለች። በሐሳቧ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር፤ አሁን ግን እንባዋ ከየት እንደመጣ አታውቅም።

ማሚቱ ገብታ ውኃ ይዛ ወጣች። ካሏት ዋንጫዎች አዲሱን ነበር የመረጠችው። ወይዘሮ ወለቴ ዋንጫውን አዩት። እጃቸው ትንሽ ከፍ አለ፤ መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«ጸሎት ይዣለሁ» አሉ። «እስከ ማታ አልቀምስም።»

«እንግዲያው ሌላ ቀን» አለች ማሚቱ፤ ዋንጫውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ወይዘሮ ወለቴ ወደ ፀዳለ ዞሩ። «ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ትጠሪያለሽ። ሊቀመንበሩ ታጭተሻል ወይ ቢልሽ፣ አዎ በይ።»

«ቀበሌ ለምን?»

«ለዚያ ለሐረሩ የጦር አካዳሚ ዘካሪያስ ያላገባ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይጠይቃሉ። ሚስት ወይ እጮኛ ያለውን አይወስዱም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኦይታ ልጄን ከገበያ አፍሰው ለጦር ወስደውብኛል። በግ ሊሸጥ ሄዶ በጉ ብቻውን ቤት መጣ። ይሄኛው ደግሞ ማንም ሳይነካው ፈቅጄ ልሂድ ይላል። አልሰጥም። አባቱም እሺ ብለዋል። የእኛ ቤት እሺ ካለ አንቺ ምን ጎደለሽ?»

ምን ጎደላት? ሦስት ዓመት የተዘጋ በር ተከፍቶላታል፤ የከፈተው ግን ፍርሃት ነበር። ያም ባልከፋ። የሚያስጨንቃት ሌላ ነው፤ አርብ ዕለት ያየችውን እኚህ እናት አላዩም።

አርብ ዕለት፣ በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት በምትሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የምልመላ ኃላፊው በሩን ከውስጥ ቆልፎ ነበር ያስጻፋት። በሁለት ካርቦን፣ የአርባ ሁለት ሰው ስም። ረቡዕ ጎሕ ሳይቀድ ከየቤታቸው ተለቅመው ለብሔራዊ ውትድርና የሚጫኑ ናቸው። «ከዚህ ክፍል አንድ ስም ቢወጣ አንቺ ነሽ ያወጣሽው» ብሏታል፤ ሳይቆጣ፣ ሰዓት እንደሚነግራት ሰው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ደነዘዘ። ዘካሪያስ ዳልጮ፣ ዕድሜ 22፣ ሸማኔ።

«ይሄኛው ለአካዳሚ ያመለከተ አይደል?» አለች፣ ፊደል እንደምታጣራ ሁሉ።

«ማመልከቻው ተሟልቶ እስከ ማክሰኞ ከቀረበ ይወጣል። ካልቀረበ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል።»

የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ያላገባ ስለመሆኑ። ወይዘሮ ወለቴ ልጃቸውን ቤት ለማስቀረት ብለው የሚያመልጥበትን አንድ በር በገዛ እጃቸው እየዘጉ ነው። ቅቤው ቀለጠ። በማጅራቷ ወርዶ ጀርባዋ መሐል ሲገባ ቀዘቀዛት።

*

እሁድ ጸሎቱ በየቤቱ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ፀዳለ ከጸሎት ስትወጣ በዳልጮ ግቢ በኩል ዞረች።

ዘካሪያስ ማንጎው ሥር ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። በሰንበት አይሠራም፤ ግን አሳብ ሲይዘው መቀመጫው እዚያ ነው። ድሮ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነበር የሚሠራው። ኦይታ ከተወሰደ በኋላ ግን ዕቃውን ሁሉ ነቅሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረው። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ ማጉ ይዛባበታል፤ አባቱም «ይሄ ጋቢ ነው ወይስ የጨንቻ ዳገት?» እያሉ ይቀልዱበታል።

«ሸተትሽኝ» አለ ሳይነሳ። «ገና አጥሩ ጋ ሳለሽ ነው የሸተትሽኝ።»

«ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል። ችግሩ እሱ ነው።» ጉድጓዱ አፍ ላይ የወደቀ የማንጎ ቅጠል አነሳ። «እውነቱን ልንገርሽ? እማዬ ይህን እንዳደረገች ስሰማ መቆጣት ነበረብኝ። ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ የሞላሁት ፎርም ነው። ግን ደስ አለኝ። ሰበብ አገኘሁ።»

«ሰበብ?»

«ላለመሄድ ነዋ። እኔ መኮንን እሆናለሁ ፀዳለ? በግ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ አማርኛዬ ሲደናቀፍ ይስቃሉ። አባባ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጠላትህን ስትማርከው በየትኛው ቋንቋ እጅ ስጥ ልትለው ነው? በጋሞኛ?›»

ፀዳለ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ።

«ፎርሙ ላይ የጻፍከውንስ?» አለችው። «‹ለምን መኮንን መሆን ፈለግህ› ለሚለው። ረሳኸው?»

በቃሏ ታውቀዋለች፤ በጽሕፈት መኪና የገለበጠችለት እሷ ናት። ‹ወንድሜ ስሙን ማንም ሳይጽፍ ተወሰደ። እኔ ስሜ ተጽፎ መሄድ እፈልጋለሁ። ሰዎች በእጄ ከተሰጡኝም የእያንዳንዳቸውን ስም ማወቅ እፈልጋለሁ።›

«እሱን?» ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ አያት። «እሱን የጻፍኩት አንቺ እንደምትገለብጪው ስለማውቅ ነው። ላንቺ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። እነሱ ያንብቡት አያንብቡት ግድ አልነበረኝም።»

አሁን ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው አንተ ነህ፣ ልትል። ግን ሃያኛው አብሮት የተማረ ልጅ ነው። ሠላሳ አንደኛው ከጸሎት ቡድናቸው ነው። ዘካሪያስን ታውቀዋለች፤ ብቻውን የሚድን ሰው አይደለም። ቤት ለቤት ይዞራል። እስከ ማታ አርባ ሁለቱም ሸሽተው ጨንቻ ዳገት ላይ ይሆናሉ፤ በማግስቱ ደግሞ በነሱ ፈንታ ከየቤቱ አባት ወይም ታናሽ ወንድም ይለቀማል፤ እሷም እስር ቤት ናት። ዝምታዋ ትክክል ነው ወይስ ኃጢአት? አላወቀችም። የምታውቀው ከአርባ ሁለቱ መሐል አንዱን ብቻ እያሰበች መሆኑን ነው፤ ይህም አሳፍሯታል።

«‹ቅር› ካልሽኝ እቀራለሁ» አለ ዘካሪያስ። «አንድ ቃል ብቻ በይኝ። ነገ ወረቀቱ ባይፈረም አላዝንም።»

በዚህ መሐል አንድ የጭነት መኪና በመንገዱ መጣ። ዘካሪያስ ንግግሩን አቆመ። ጉድጓዱ ውስጥ እግሮቹ ተሰበሰቡ፤ ሁለት እጆቹ ሊነሳ እንዳለ ሰው የጉድጓዱን አፍ ያዙ። መኪናው ሙዝ ጭኖ ነበር፤ ወደ ገበያው አለፈ። እጆቹ ቀስ ብለው ለቀቁ። እሱ ግን ይህን ሁሉ ማድረጉን አላስተዋለም።

«ነገ» አለችው። «ነገ እነግርሃለሁ።»

ፈገግ አለ። እሺታ መስሎታል። ያን ፈገግታ ከኦይታ ወዲህ አላየችበትም ነበር፤ እስከ ቤቷ ድረስ እንደ ሸክም ከበዳት።

*

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ግድግዳው ላይ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው ጽሑፍ እርጥበት በልቶት ግማሹ ጠፍቷል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሸዋንዳኝ ከወደ ሰሜን መጥቶ እዚህ የቀረ፣ ቀልደኛ ግን የደከመው ሰው ነው። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ አዳመጠ።

«ልጄ እጮኛ አለው» አሉ አቶ ዳልጮ። «ያላገባ ብለው አይፈርሙለት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«መቼ ታጨ? እናንተ ጴንጤዎች ከበሮ አትመቱ፣ ጠላ አትጠምቁ፤ ሰው ሠርጋችሁን በምን ይወቅ?»

ሰዎች ሳቁ። ወይዘሮ ወለቴ አልሳቁም። «እኔ ቅቤ ቀብቻት» አሉ በተሰባበረ አማርኛ። «ቅዳሜ። በዚህ እጅ።»

ለጎረቤት ምስክርነት ከመጡት መሐል ሽማግሌው አቶ ደበሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ቅቤው የሴቶች ነገር ነው» አሉ። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዳልጮ፣ ከዚህች ልጅ እጅ ጠጥተሃል? ያልጠጣ ቤት ምራት የለውም። ከጠጣህ እመሰክራለሁ። ካልጠጣህ ግን አልዋሽልህም።»

ሰው ሁሉ ወደ ዳልጮ ዞረ። አቶ ዳልጮ የጸሎት ቡድኑ ሽማግሌ ናቸው። በየእሁዱ «ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን» ብለው ይጸልያሉ፤ ማሚቱና ፀዳለም ከኋላው አግዳሚ ተቀምጠው አሜን ይላሉ። አሁን አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ። የክፍሉ ጥግ ላይ የውኃ እንስራና ጣሳ ነበር።

«ፀዳለ» አሉ። «ውኃ ስጪኝ።»

ቀድታ ሰጠቻቸው። መሬት ላይ አላስቀመጠችም። እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣታቸው ጣቷን ነካው፤ አልሸሸም። ጣሳውን አፋቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ውኃው በጢማቸው ወርዶ ኮታቸው ላይ ተንጠባጠበ። በሩ ላይ የቆመችው ማሚቱ ግድግዳውን ተደገፈች። ይህን ሳታይ እሞታለሁ ብላ የምታምን ሴት ናት።

«በቃ» አሉ አቶ ደበሌ። «ምራትህ ናት።»

«ውኃ ነው እንጂ የጠጡት» አለ ሸዋንዳኝ ግራ ገብቶት። «ሙቀት ነው፣ እኔም እጠጣለሁ። ምን ተፈጠረ?»

ማንም አላብራራለትም። እሱም ብዕሩን አስቀመጠና ወደ ፀዳለ ዞረ። «አንቺው ንገሪኝ እንጂ። ታጭተሻል?»

ዘካሪያስ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ከትናንት የቀረው ፈገግታ አሁንም ፊቱ ላይ አለ፤ እንዲያውም አባቱ ሲጠጡ አይቶ ዓይኖቹ እርጥብ ሆነዋል። ፀዳለ እያንዳንዳቸውን አየች። አዎ ብትል ዛሬ ማታ የዳልጮ ቤት ልጅ ናት። ረቡዕ ጎሕ ሳይቀድ ደግሞ ያ መኪና ሙዝ አይጭንም። አካዳሚውም ቢሆን መጨረሻው ሰሜን ነው፤ ግን ሦስት ዓመት አለው። ለሦስት ዓመት ስሙ የተጻፈበት አልጋ ላይ ይተኛል።

«አልታጨሁም» አለች።

«ቅቤውስ?»

«አጥቤዋለሁ።» ሻሿን አወለቀች። ፀጉሯ ደርቆ ቆሟል።

«ምነው?» አለ ሸዋንዳኝ፤ የሊቀመንበርነት ጥያቄ አልነበረም፤ እንዲያው ገርሞት ነው።

ማንም ተከራክሮ የማይመልሰው ነገር ያስፈልጋት ነበር። የዳልጮ ቤት ሲጎዳት የኖረበትን መንገድ በደንብ ታውቀዋለችና በዚያው መንገድ ሄደች። «እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ» አለች፣ በጠራ የቢሮ አማርኛ። «ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ክር ሲወረውር የሚውል ባል አልፈልግም። ለሸማኔ አልዳርም።»

አቶ ዳልጮ ጣሳውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። ወይዘሮ ወለቴ ቀስ ብለው ወደ እሷ መጡ። ይመቱኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን በጋሞኛ፣ ሹክ ባለ ድምፅ፣ «ልጄን ገደልሽው» ብቻ አሏት።

«ምን አሏት?» አለ ሸዋንዳኝ። የተረጎመለት የለም። ማኅተሙን ተንፍሶበት ወረቀቱ ላይ አሳረፈው።

ዘካሪያስ ወረቀቱን ተቀበለ። ሲወጣ አጠገቧ ቆመ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብትፈልግ አላገኘችም፤ የነበረው እንደ ልጅ ግራ መጋባት ነው።

«እሁድ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አለ።

«እችል ነበር» አለች። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው እውነት ይሄ ብቻ ነው።

«እኔ እንዲህ አጥርቼ መናገር አልችልም። እንኳን ባማርኛ፣ በጋሞኛም አልችል።» ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከተተ። «ሐረር ሄጄ እማራለሁ።»

ደረጃውን ወርዶ ወደ መንገዱ ሲወጣ አየችው። ግራ ቀኝ አልተመለከተም። ከኋላው መኪና ሲያጓራ እንኳ አልዞረም። ሦስት ዓመት በምክር፣ በማበረታታት፣ በጸሎት ያላስወጣችለትን ፍርሃት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስወጥታለታለች። በእሱ ቦታ ምን እንዳስገባች ግን ልታየው አልደፈረችም።

*

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምልመላ ኃላፊው ጠራት። በሩን እንደገና ቆለፈው።

«አሥራ ዘጠነኛው ይወጣል» አለ። «ማመልከቻውን አሟልቶ ራሱ አምጥቶ ሰጠ። ደፋር ልጅ ነው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያናገረኝ። ዓይን አፋር ነው ያሉኝ ታዲያ ስለ ማን ነው?»

«አላውቅም» አለች ፀዳለ። ትንፋሿ ከሦስት ቀን በኋላ እስከ ታች ወረደ። በብዕር ልትሰርዘው ዝርዝሩን ወደ ራሷ ሳበች።

«መሰረዝ አይደለም። ገጹን እንደገና ጻፊው። የተጠየቅነው አርባ ሁለት ነው፤ አርባ አንድ ብዬ አላቀርብም።» ከኪሱ የተጣጠፈ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። «ይሄን በሱ ቦታ አስገቢው።»

ዳና ሻንካ፣ ዕድሜ 19፣ ገበሬ፣ ጫኖ።

አታውቀውም። ረጅም ይሁን አጭር፣ እናት ይኑረው አይኑረው፣ ነገ ማለዳ ሙዙን ውኃ ሊያጠጣ ቀጠሮ ይኑረው አይኑረው። በዚያ መንደር ውስጥ ስሙን ስትሰማ ፊቷ የሚበራ ልጅ ትኖር ይሆናል፤ እሷም ጽሕፈት ቤት አትሠራ፣ ዝርዝር አታይ። እስከ ረቡዕ ድረስ፣ ከኃላፊው በቀር፣ የሚጠብቀውን የምታውቅለት ፀዳለ ብቻ ናት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ኃላፊው።

ሦስቱን ወረቀት ከሁለቱ ካርቦን ጋር አስተካክላ አስገባች። ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ያሉትን ጻፈች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ጣቶቿ እንደ አርብ ዕለቱ ይደነዝዙብኛል ብላ ነበር። አልደነዘዙም። ፊደሎቹ ጥርት ብለው፣ አንድም ሳይሳሳቱ ወረቀቱ ላይ አረፉ። ደረቷ ውስጥ፣ ከዘካሪያስ ፊትና ከወይዘሮ ወለቴ ድምፅ በታች፣ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ቀስ ብሎ ይነሣ ነበር። መጀመሪያ አላወቀችውም። ሐዘን መስሏት ነበር።

ደስታ ነበር። ፀዳለ ጽሕፈት መኪናው ላይ እጇን እንዳሳረፈች ቀረች፤ በሕይወቷ ምንም ነገር እንደዚህ አስፈርቷት አያውቅም።